በጣርማበር አፋፍ ላይ ከቦታው ጋር የሚስማማ ቤት እንዴት ይሠራል? ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከእህትና ከወንድማቸው ጋር ሆነው ከጣርማበር ወደ መዘዞ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ የቤተሰብ ይዞታ፣ ስድስት ክፍል ያለው አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት አስበዋል። ሕንፃው በአካባቢው ጥቁር ድንጋይ እንዲሠራ፣ ከመልክዓ ምድሩ ጋር እንዲስማማና ተፈጥሮን እንዳይጎዳ ይፈልጋሉ። አንድ ንድፍ አውጪ ያቀረበላቸው ሐሳብ አፋፉን ቆርጦ ደልዳላ ቦታ ማውጣት፣ በዚያ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ የኮንክሪት ሕንፃ ማቆም፣ ወደ አፋር ቆላ የሚያየውን ፊት ሙሉ በሙሉ መስታወት ማድረግና ጎንና ጎኑን ድንጋይ ማልበስ ነው። ለአብነትም በላንዛሮቴ ደሴት በቀለጠ ድንጋይ ውስጥ የተሠራ ቤት ፎቶግራፍ አሳይቷቸዋል። «ይህ ዘላቂ ሥነ ሕንፃ ሊባል ይችላል ወይ? ካልሆነስ ምን እናድርግ?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ንድፉን ከመቀበልዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው፤ አፋፉ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ የሚመለስ ነገር የለምና። መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር፦ የቀረበልዎ ንድፍ ለዚህ ቦታ አይሆንም። አይሆንም የምለው መልኩ ስላላማረኝ ወይም ኮንክሪት ስላለበት አይደለም። አንድ ሕንፃ ከእሳተ ገሞራ መልክዓ ምድር ጋር ተስማማ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ስለለበሰ ሳይሆን፣ ክብደቱን መሬቱ ሊሸከመው በሚችል ቦታ ላይ ሲያሳርፍና የዝናቡም ሆነ የምንጩ ውሃ ከጥንት ጀምሮ የሚሄድበትን መንገድ ሳይዘጋ ሲቆም ነው። የቀረበልዎ ንድፍ ሁለቱንም ይጥሳል።

ምክንያቱን ለማስረዳት መሬቱ ከምን እንደተሠራ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከመሬት ስንጥቅ እየፈለቀ በተዘረጋና በላይ በላዩ በተነባበረ የቀለጠ ድንጋይ የተገነባ ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከላይኞቹ ንብርብሮች መካከል አንዱን «የጣርማበር ባዛልት» ብለው የሰየሙት ከዚያው ከእናንተ ቦታ ስሙን ወስደው ነው (ባዛልት የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር አለት ነው)፤ ይህም አፋፋችሁ በሳይንሱ ዘንድ ምን ያህል የታወቀ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን ይህ አለት ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ አይደለም። አንዱ ፍሳሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ረጅም ዘመን ያልፍ ነበር፤ በዚያ መካከል የታችኛው ፍሳሽ ገጽ በዝናብና በፀሐይ እየበሰበሰ ወደ አፈርነት ይለወጣል፣ የእሳተ ገሞራ አመድም ይወርድበታል፤ ቀጥሎ የመጣው ትኩስ ፍሳሽ ደግሞ ያንን አፈር ጠብሶ ቀይ ያደርገዋል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርዱ መንገዱ የተቆረጠበትን የአለት ፊት ቆም ብለው ቢመለከቱ ይህን በዓይንዎ ያያሉ። በሁለት ጥቁር ንብርብሮች መካከል ክንድ የማይሞላ ቀይ ወይም ግራጫ መስመር አለ። በጥር ወር እንኳ፣ ክረምቱ ካለፈ ከወራት በኋላ፣ በዚያ መስመር ላይ እርጥበት ይታያል፤ በዙሪያው የበቀለው ሣርም ከላይና ከታች ካለው ይልቅ ለምለም ነው። ሲደርቅ በጣት ይፈረካከሳል፤ ሲረጥብ ያሙለጨልጫል።

የአካባቢውን ዕጣ የምትወስነው ይህች ቀጭን መስመር ናት። የላዩ ባዛልት ሲቀዘቅዝ ስለተሰነጣጠቀ የክረምቱን ውሃ በስንጥቁ ያሳልፋል። ውሃው ወርዶ ከሸክላማው ንብርብር ሲደርስ ማለፍ ስለሚያቅተው ወደ ጎን ይሄድና በገደሉ ፊት ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከገደሉ ሥር ያሉ ሰዎች የሚጠጡትም ይህንኑ ነው። ውሃው በዝቶ መውጫ ሲያጣ ደግሞ ሸክላው ይለሰልስና በላዩ ያለውን አለትና አፈር ይዞ ይንሸራተታል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በደብረ ሲና አካባቢ፣ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ፣ ብዙ ቤተሰብ ያፈናቀለው የመሬት መንሸራተት የደረሰው ክረምቱ መሬቱን ካጠገበ በኋላ ነበር። እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የማነሣው ከንድፉ ጋር ያለውን ግንኙነት ለማሳየት ነው።

አፋፉን ቆርጦ ደልዳላ ማውጣት ማለት ገደሉን ደግፎ የያዘውን አለት ማንሣት፣ ተቆፍሮ የወጣውን አፈርና ድንጋይ ከታች በኩል ደፍቶ ቁልቁለቱን ማክበድ፣ በሕንፃው ጀርባ ደግሞ የውሃውን መንገድ መዝጋት ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ የመሬት መንሸራተትን ለመጥራት ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ ዋነኞቹ ናቸው፤ ንድፉ ሦስቱንም በአንድ ቦታ ሰብስቧቸዋል። በእርግጥ ከጀርባ ትልቅ የድጋፍ ግንብ ሠርቶ፣ የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ዘርግቶ፣ አለቱን በብረት አስሮ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ለስድስት ክፍል ማረፊያ የሚወጣው የሲሚንቶና የፌሮ ብዛት ከክፍሎቹ ከራሳቸው ሊበልጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለውንም ሥራ ፊቱን ድንጋይ አልብሶ ዘላቂ ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም።

ስለ ላንዛሮቴው ፎቶግራፍም ላንሣ፤ አብነቱ መልካም ሆኖ ሳለ የተወሰደበት ትምህርት የተገላቢጦሽ ነውና። ላንዛሮቴ በአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ አቅራቢያ የምትገኝ የስፔን ደሴት ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 በተከታታይ በፈነዳ እሳተ ገሞራ ሰፊ መሬቷ በቀለጠ ድንጋይ ተሸፍኗል። የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ሴዛር ማንሪኬ እ.ኤ.አ. በ1968 ቤቱን የሠራው፣ የቀለጠው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በጋዝ ኃይል በተፈጠሩ አምስት የተፈጥሮ ክፍተቶች ላይ ነው። የእሱ ብልሃት መሬቱ የሰጠውን ባዶ ቦታ መጠቀሙ ነበር። እናንተ ዘንድ ግን የተሰጠ ዋሻ የለም፤ የሚደረገው ማፈንዳትና መቁረጥ ነው። ከዚህም በላይ የዚያች ደሴት ዓመታዊ ዝናብ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በእኛ ደጋ በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ብቻ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በደረቅ ደሴት ላይ የሚያምር የከርሰ ምድር ክፍል ጣርማበር ላይ ቢሠራ ክረምቱን ሙሉ ግድግዳው ሲያለቅስ ይከርማል። ከማንሪኬ መውሰድ የሚገባን ለሕንፃ ከፍታ ያለውን ጥንቃቄ ነው፤ በደሴቲቱ ቤቶች ዝቅ ብለው እንዲቀሩና ማስታወቂያ ሰሌዳ አካባቢውን እንዳያበላሽ ብዙ ታግሏል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው፣ የመጀመሪያው ምክሬ ስድስቱን ክፍሎች በአንድ ሕንፃ አለማከማቸት ነው። እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍል ያላቸው ፎቅ የሌላቸው ሦስት ትናንሽ ቤቶች፣ ከአፋፉ ራቅ ብለው፣ መሬቱ ራሱ በሠራቸው እርከኖች ላይ ተበታትነው ይቁሙ። የባዛልት ፍሳሾች ጫፍ ጫፋቸው በተፈጥሮ ደረጃ እየሠራ ስለሚወርድ፣ ቁፋሮ ሳይበዛ ቤት የሚያስቀምጥ ጠባብ ደልዳላ ማግኘት አያስቸግርም። ትንሽ ቤት መሬቱን ተከትሎ ሊዞር ይችላል፤ ረጅም ሕንፃ ግን መሬቱን ለራሱ ያስተካክላል። በቤቶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የክረምቱ ጎርፍ እንደ ወትሮው እንዲያልፍ ይተዋል፤ ከእያንዳንዱ ቤት በስተላይም ከማሳ በተለቀመ ድንጋይ የተነጠፈ ጥልቀት የሌለው ቦይ ውሃውን ወደዚያ ክፍት ቦታ ይመራዋል። ቦዩ በሲሚንቶ መለሰን የለበትም፤ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ በመካከሉ ሣር ቢበቅልበት የውሃውን ጉልበት ይሰብረዋል።

ከአፋፉ ምን ያህል ይራቅ ለሚለው፣ መሬቱን ሳያዩ በወረቀት ላይ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ካለ አይመኑት። የሚወስነው ስንጥቁ ነው። ባዛልቱ ቀጥ ብሎ እየተሰነጠቀ ስለሚቆም፣ ከአፋፉ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ከገደሉ ጫፍ ጥቂት ሜትሮች ገባ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ከዚያ ስንጥቅ ወደ ውጭ ያለው ሁሉ አንድ ቀን የሚሄድ ነው ብለው ያስቡ፤ ቤትም፣ የውሃ ታንከርም፣ እንግዶች ሻይ የሚጠጡበት መድረክም አያስቀምጡበት። ግንዳቸው ከሥር ጎብጦ ወደ ላይ የተቃና ዛፎች፣ ያለ ሰው እጅ ያዘመመ አጥር፣ ቁልቁለት ላይ ያለ ምክንያት ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ፣ እነዚህ ሁሉ መሬቱ እየተንፏቀቀ መሆኑን ይናገራሉ። ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ መስከረም ነው፤ አዲስ ስንጥቅ ካለ ሣሩ ሳይሸፍነው የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

ከአፋፉ ሲርቁ ደግሞ መረሬው ይገጥምዎታል። ይህ ጥቁር አፈር ራሱ ከባዛልት መበስበስ የተገኘ ሲሆን፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የተቀመጠ መሠረት በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ግድግዳው በመስኮቶቹ ማዕዘን በኩል ይሰነጠቃል። መረሬው ስስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ መሠረቱ አለቱን ይንካ፤ ወፍራም ከሆነ ቦታውን መቀየር ከማንኛውም የምሕንድስና ብልሃት ይረክሳል። የተነሣው አፈር ግን አይጣል። ለእርሻና ለአትክልት ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ጎረቤት ይውሰደው።

ሁለተኛው ዋና ጉዳይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ቦታዎ የኢትዮጵያ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወድቅበት ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ባለው መስመር ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥ ደግሞ በደጋው ላይም ተሰምቷል፤ በቆላው ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው አንሥቷል። ድንጋይ በመጫን በኩል ብርቱ ሲሆን በመሳብና በመወዛወዝ በኩል ደካማ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጠርዝ ላይ እስከ ጣሪያው ድረስ ድፍን የድንጋይ ግድግዳ ማቆምን እኔ አልመክርም። ድንጋዩ ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ ሥር፣ ማለትም አንድ ሜትር ገደማ፣ ይምጣ። ከዚያ በላይ ያለው በደረቀና ከምስጥ በተጠበቀ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ ቀላል ግድግዳ ይሁን። ክብደቱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ሲሆን ቤቱ ሲወዛወዝ ከላይ የሚወድቅ ከባድ ግድግዳ አይኖርም፤ ጣሪያውም በቋሚዎቹ ላይ እንጂ በድንጋዩ ላይ አይጫንም። ይህን የምለው ወደ ኋላ ለመመለስ ብዬ አይደለም። አያቶቻችን የሠሩት የጭቃ ቤት ቶሎ የሚጎዳው ከመሬት በሚወጣ እርጥበትና ከጣሪያ ጠርዝ በሚንጠባጠብ ውሃ ነው፤ ሥሩ ድንጋይ፣ ጣሪያው ወጣ ያለ ሲሆን ሁለቱም አይደርሱበትም።

ድንጋዩ አንድ ሜትርም ቢሆን በአግባቡ ይሠራ። ግንበኞች 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ሲሠሩ የውጭውንና የውስጡን ፊት ለየብቻ ደርድረው መሐሉን በስብርባሪና በጭቃ የመሙላት ልማድ አላቸው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ሲንቀጠቀጥ ግን ሁለቱ ፊቶች ተለያይተው ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይረግፋሉ። መፍትሔው ከውጭ ፊት እስከ ውስጥ ፊት የሚዘልቅ ረጅም ማሰሪያ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ፣ አግድሙ ከ1.20 ሜትር ባልበለጠ ርቀት አንድ አንድ ይግባ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ ላይ በቀላሉ ስለማይገኝ ጠራቢው አስቀድሞ እየለየ እንዲያስቀምጠው ያድርጉ፤ ግንቡ ከተጀመረ በኋላ ፈልጉ ቢባል ማንም አይፈልግም። በድንጋዩ ራስ ላይ፣ ዙሪያውን ሳይቋረጥ የሚዞር ማሰሪያ ያስፈልጋል። በፌሮ የተሠራ ቀጭን የኮንክሪት ማሰሪያ ቀላሉ ነው። ከእንጨትም ሊሠራ ይችላል፤ በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ መቅደስ እንጨትና ድንጋይ በየተራ እየተነባበረ ስለተሠራ ለዘመናት ቆሟል። መጠኑን ግን የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደረጃ የሚያውቅ መሐንዲስ አስልቶ ይወስነው።

ድንጋዩን ስለ መምረጥ፣ ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። በመዶሻ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥና ሲሰበር ፊቱ ድፍን የሆነ ባዛልት ለመሠረት ይውላል። ድምፁ የታፈነ፣ ዙሪያው እንደ ሽንኩርት በንብርብር የሚላጥ፣ ወይም ቀዳዳዎቹ በነጭ ማዕድን የተሞሉበት ከሆነ ግን ለቦይና ለአጥር እንጂ ለቤት ግድግዳ አይሆንም። ጥርጣሬ ካደረብዎ ደረቁን መዝነው ለአንድ ቀን ውሃ ውስጥ ያቆዩትና እንደገና ይመዝኑት፤ ክብደቱ በግልጽ ከጨመረ ውሃ ጠጪ ስለሆነ መሠረት ውስጥ አይግባ። ለዚህ ሥራ ብለው በአፋፉ ላይ አዲስ ካባ እንዳይከፍቱ አደራ እላለሁ። ሦስት ቤቶች እስከ መስኮት ሥር የሚፈልጉት ድንጋይ ከማሳ ከሚለቀመውና ከፈረሱ አጥሮች አብዛኛው ይገኛል፤ ገበሬውም ማሳው ይጠራለታል። ለማዕዘንና ለበር መቃን ጥርብ የሚያስፈልግ ከሆነ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚወጣው ነጣ ያለ ኢግኒምብራይት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከባዛልት ይልቅ ቀላልና ለጠራቢ የሚታዘዝ ነው።

ለማያያዣ ሲሚንቶ ብቻውን ከሚሆን ኖራ የተቀላቀለበትን እመርጣለሁ። ንጹሕ ሲሚንቶ እጅግ ስለሚጠነክር ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ራሱ ድንጋዩን ይሰነጥቃል፣ እርጥበትም ያፍናል፤ ኖራ ግን ይለዝባል፣ እርጥበቱንም ያስተነፍሳል። የተፈጨ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከኖራ ጋር ሲዋሃድ በውሃ ውስጥ እንኳ የሚጠነክር ማያያዣ ይሰጣል፤ ሮማውያን በቬሱቪየስ አካባቢ በሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። በሮም የሚገኘው የፓንቴዎን ጉልላት 43 ሜትር ስፋት ኖሮት ከ1,900 ዓመት ገደማ በኋላ ዛሬም የቆመው አንድም በዚህ ማያያዣ፣ አንድም ግንበኞቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ከባዱን ድንጋይ እየተዉ ወደ ቀላሉ ፑሚስ ስለተሻገሩ ነው። ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ የሚለው ምክር እንግዲህ የእኔ ፈጠራ አይደለም።

ቅዝቃዜውን በተመለከተ የብዙ ሰው እምነት «የድንጋይ ቤት ይሞቃል» የሚል ነው። ድንጋይ ያገኘውን ሙቀት ያቆያል እንጂ ከብርድ አይከላከልም፤ ፀሐይ ካላገኘ ደግሞ የሚያቆየው ብርዱን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት፣ እንግዳዎን የሚያሞቀው በውስጡ አየር የያዘ ነገር ነው። በጭድ የዳጎሰ ምርጊት ከድፍን ባዛልት በብዙ ይበልጣል። ከወለሉ ሥር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሬድ አሽ የሚባለው ቀዳዳማ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቢነጠፍ ቅዝቃዜውንም ከመሬት የሚወጣውንም እርጥበት ይከላከላል። ሬድ አሽ ከስምጥ ሸለቆው በኩል በመኪና ስለሚመጣ ለግድግዳ ብሎኬት ሁሉ ማመላለሱ ዋጋውንም ነዳጁንም ያበዛዋል፤ ለወለሉና በኋላ ለምጠቅሰው ማጣሪያ ብቻ ይግዙ። ለኮርኒሱ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ በግ ጠጉር፣ በሚገባ ታጥቦ ከቅባቱ ከጠራና ከብል ከተጠበቀ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከኮርኒሱ በላይ ቢዘረጋ ከውጭ አገር ከሚመጣው ልባስ ከብዙው ጋር የሚወዳደር ነው። ባና የሚሠሩት ባለሙያዎች ለዚህ የማይፈልጉትን ሻካራ ጠጉር ቢሸጡላችሁ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

መስታወቱን በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው፤ ሙሉ ግድግዳ አይሁን። እንግዳ የሚመጣው ለዕይታው መሆኑን እረዳለሁ፤ ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1,800 ሜትር በላይ የሚወርደውን ያንን ቁልቁለት በአንድ ዓይን ማየት የትም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሙሉ መስታወት ቀን ያስገባውን ሙቀት ጀንበር ሳትጠልቅ ይመልሰዋል፤ ከአፋር በኩል የሚወጣው ጉም ሲመጣም የሚያሳየው ነጭ ነገር ብቻ ነው። በምሥራቅ በኩል ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰፊ መስኮት ይበቃል፤ ከሌሊቱ ብርድ በኋላ የማለዳዋን ፀሐይ ቀጥታ ያስገባል። ሁለተኛው መስኮት በደቡብ በኩል ይሁን፤ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ በእናንተ ዘንድ ወደ ደቡብ አዘንብላ በ57 ዲግሪ ገደማ ስለምትቆም ብርሃኗ በዚያ መስኮት ገብቶ ወለሉን ይነካል። ወለሉ በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ከተነጠፈ ያንን ሙቀት ይዞ እስከ ማታ ያቆያል፤ ባዛልቱ ቤት ውስጥ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም መስኮቶች ማታ የሚዘጋ ወፍራም የእንጨት መዝጊያ ይኑራቸው።

ጣሪያውን የጓሳ ሣር ለማልበስ ማሰብዎን ጽፈዋል። ጓሳ በክዳንነት የታወቀ ነው፤ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የመንዝ ጓሳም እስከ ዛሬ የቆየው ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ በጊዜው እየከፈተ ሣሩን በሥርዓት ሲያጭድ ስለኖረ ነው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የሚኖሩት በዚያው ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሣሩን ከማኅበረሰቡ፣ አጨዳው በተፈቀደበት ጊዜ ብቻ ይግዙ፤ ብዛቱም ለአንድ ቤት፣ ይኸውም እንግዶች ለሚመገቡበት ክብ አዳራሽ ይሁን። ክፍሎቹን በቆርቆሮ ይክደኑ፤ ፀሐይ የማያንጸባርቅ ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ሲሆን ከሩቅ ከአለቱ አይለይም። ቆርቆሮ የምለው ለእሳት አደጋው ብቻ ሳይሆን ለውሃውም ነው። በአካባቢው በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ብንወስድ፣ 60 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ ጣሪያ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 43,000 ሊትር ያህል ይሰጣል። አሥራ ሁለት እንግዳ እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 600 ሊትር ስለሆነ፣ ሦስቱ ጣሪያዎች ከ200 ቀን በላይ ያጠጣሉ፤ የሚወስነው የማጠራቀሚያው መጠን ነው። በዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ፤ ከገደሉ ሥር ያለውን ምንጭ በሞተር ወደ ላይ ከመሳብ ያድንዎታል፤ ምንጩ የሌሎች ነውና።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቄ የምናገረው ስለ መጸዳጃው ነው፤ በተላከው ንድፍ ላይ ተራ ጉድጓድ ሆኖ ተስሏል። ከላይ እንዳልሁት ባዛልቱ የተሰነጠቀ ነው። በአፈር ውስጥ የሚወርድ ቆሻሻ ውሃ እየተጣራ ይሄዳል፤ በአለት ስንጥቅ ውስጥ የሚወርድ ግን ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ምንጩ ይደርሳል። የእርስዎ እንግዳ ከላይ የተጠቀመበትን ከታች ያለ ሕፃን ሊጠጣው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሥሩ ክፍት የሆነ ጉድጓድ በዚህ መሬት ላይ በምንም ምክንያት አይቆፈር። የመጀመሪያው ምርጫዬ ውሃ የማይጠቀም፣ ሽንቱን ከዓይነ ምድሩ የሚለይ፣ በዝግ ሣጥን ውስጥ ከአመድና ከገለባ ጋር የሚያበሰብስ መጸዳጃ ነው። እንግዶች አይቀበሉትም ብለው ከሠጉ፣ ሥሩና ጎኑ ውሃ እንዳያሳልፍ ሆኖ በተገነባ ሴፕቲክ ታንክ ያጠራቅሙና የሚወጣውን ውሃ፣ ሥሩ በጂኦመምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ) ወይም በግንብ በተለሰነ፣ በሬድ አሽ በተሞላና ደንገል ወይም ቄጤማ በተተከለበት መደብ ውስጥ ያሳልፉት። ሬድ አሽ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል፤ ከተራ ጠጠር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ከዚያ የወጣው ውሃ መረሬ ባለበት ማሳ ላይ ለዛፍ ይጠጣ እንጂ ወደ ገደሉ አይለቀቅ።

ለማገዶ ከራስዎ ይዞታ የተተከለ ባሕር ዛፍ ብቻ ይጠቀሙ፤ አስታና ጥድ አይቆረጥ። በክፍሎቹ ውስጥ ጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ይበቃል።

ስለ ቅደም ተከተሉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይዞታው ለእርሻ የተሰጠ ስለሚሆን የአጠቃቀም ለውጡን ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጋር በጽሑፍ ይጨርሱ። ንድፍ አውጪውንም አያሰናብቱ፤ ይህን ጽሑፍ ሰጥተው እንደገና እንዲያስብ ቢያደርጉት የተሻለ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ለእያንዳንዱ ቤት በታሰበው ቦታ ሁለት ሁለት የሙከራ ጉድጓድ፣ አለት እስኪነካ ወይም እስከ ሦስት ሜትር፣ በኅዳር ወር ይቆፈር፤ የጉድጓዱ ግድግዳ እንዳይናድ ሰው ከመግባቱ በፊት በእንጨት ይደገፍ። የአፈር ባለሙያው ሲመጣ ንብርብሩን በዓይኑ እንዲያይ ክፍት ሆነው ይቆዩ፤ ዙሪያቸውም ከብትና ልጆች እንዳይወድቁ ይታጠር። ቀጥሎ የሚመጣውን ክረምት ሳያልፉ መሠረት አይጀምሩ፤ ውሃው በይዞታዎ ላይ የት የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቋጥር፣ የት እንደሚሰርግ በሐምሌና በነሐሴ ችካል እየተከሉ ምልክት ያድርጉ፤ ቤቶቹ የሚቆሙት በችካሎቹ መካከል በሚቀረው ቦታ ነው። የጉድጓዶቹን ንብርብር ከላይ እስከ ታች ለክተው፣ የችካሎቹንም አቀማመጥ በንድፍ ላይ አስፍረው ቢልኩልኝ፣ ስለ መሠረቱ ጥልቀትና ስለ እያንዳንዱ ቤት አቅጣጫ በዝርዝር ልመልስልዎ ዝግጁ ነኝ።